ልጅ እናቱን አይከስም
(ልብ ወለድ ለምትጽፉ ወጣቶች)

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ከሞጣና ከቢቸና ረቂቅ ትልኩልኛላችሁ። አንዳንዱ በቴሌግራም ይመጣል፤ አንዳንዱ በደብተር ተጽፎ በሰው እጅ። እኔ ደራሲ አይደለሁም። ሥራዬ ሶሻል ወርከርነት ነበር። ችሎት ላይ ቃላቸውን መስጠት ካለባቸው ልጆች ጎን እቀመጥ ነበር። የዳኛውን ጥያቄ በልጅ አነጋገር አድርጌ እጠይቃቸዋለሁ፤ የሚሉትን እሰማለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ ይኸው ነበር፤ ልጅ ሲናገር መስማት። ረቂቃችሁን ለእኔ የምትሰጡትም ለዚህ ይመስለኛል።

የምትጽፉት ነገር ይመሳሰላል። እናትና ልጅ አሉ። ቤቱ ጨልሟል። ወይ እናትየዋ ላይ ግፍ ይደርሳል፤ ወይ እሷ ራሷ ልጁን ትጎዳለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ይሆናል። ታሪኩን የሚነግረን ልጁ ነው። ምርጫችሁን ወድጄዋለሁ። ከባድ ምርጫ ነው። በእኛ አገር "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይባላል። ልጅ ትልቅ ሰው መሃል ገብቶ ሲናገር "ዝም በል" ተብሎ ነው ያደገው። እናንተ ግን መጽሐፉን ሙሉ ለእሱ ሰጣችሁት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ደብዳቤውን የምጽፈውም ለእሱ ብዬ ነው። ረቂቃችሁ ውስጥ ያለው ልጅ ጠበቃ ሆኖብኛል። እናቱን ይከሳል። አባቱን ይከሳል። ጎረቤቱን፣ ቀበሌውን፣ ዘመኑን ይከሳል። ማስረጃ ይደረድራል፤ ፍርድም ራሱ ይሰጣል። እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ልጅ አላጋጠመኝም። ልጅ እናቱን አይከስም። እጁ ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "እማየን ታስሯታላችሁ?" ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ የሚናገረው እሷን ለማዳን ነው። የሚደብቀውንም የሚደብቀው እሷን ለማዳን ነው። ይህን ካልያዛችሁ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር መጽሐፉ አይቆምም።

ከመቀጠሌ በፊት፦ ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ምሳሌ ሁሉ እኔ ያሰብኩት ነው። የማንንም ልጅ ቃል አላወጣም። በሥራዬ የሰማሁት ከእኔ ጋር ይቀበራል።

እስቲ ልጅ እንዴት እንደሚናገር ላሳያችሁ። ልጅ ነገሩን ከመሃል አይጀምርም። ከመጀመሪያውም አይጀምርም። ከዳር ነው የሚጀምረው። "ያን ለት ማታ ምን ሆነ?" ብትሉት "ጥቁሯ ዶሮ አልገባችም ነበር" ይላችኋል። የቸኮለ አዋቂ ልጁ ከጥያቄው የሸሸ ይመስለዋል። አልሸሸም። ዶሮዋ ስላልገባች ሊፈልጋት ወጣ። ስለወጣ ደጁ ላይ የቆመውን ሰውየ አየ። ሰውየውን ስላየ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ስላልተኛ የሰማውን ሰማ። ዶሮዋን ከዘለላችሁ ወሬው ይጠፋል። እኔ ታግሼ ነው የምቀመጠው። እናንተም ስትጽፉ ታገሡት፤ ራሱ ይደርስበታል።

ቀንና ሰዓትም አያውቅም። "ግንቦት 14 ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ" የሚል የስምንት ዓመት ልጅ የለም። "ቡሄ ሳይደርስ" ይላችኋል። "ጾም የተፈታ ለት"፣ "እማየ ከገበያ ጫማ ያመጣችልኝ ጊዜ"፣ "ጭቃው እስከዚህ ድረስ የነበረ ጊዜ" ብሎ ጉልበቱን ያሳያችኋል። ልጅ ዘመኑን የሚቆጥረው በበላው፣ በለበሰውና በፈራው ነው። ለጎጃም ልጅ ክረምት ማለት ጭቃ ነው፣ የበቆሎ እሸት ነው፣ የጅራፍ ጩኸት ነው። መጽሐፋችሁ የቀን መቁጠሪያ ከፈለገ ከዚያ ላይ ውሰዱ።

ሌላም አለ። ልጅ የትልቅ ሰው ቃል ይወስዳል፤ ፍቺውን ሳያውቅ። "እማየን እኮ ዓይነ ጥላ ነው የያዛት" ይላችኋል እንደ ቀልድ። "ዓይነ ጥላ ምንድን ነው?" ስትሉት ትከሻውን ይሰብቃል። ቃሉን አያቱ ስትል ሰምቶ ነው። ይህ ለደራሲ ትልቅ ሀብት ነው። አንድ ቃል ከልጁ አፍ ሲወጣ አንባቢው አያቲቱን ያያታል፤ ምራቷን እንዴት እንደምታያትም ይገባዋል። አያቲቱ ግን ገጹ ላይ ገና አልመጣችም።

ደግሞ ጥያቄ ሲደጋገምበት መልሱን ይቀይራል። ዋሽቶ አይደለም። የመጀመሪያውን የተሳሳተ መስሎት ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ "እ? ድገም እስቲ" ሲለው እንዲያ ነዋ የለመደው። ለዚህ ነው በእኛ ሙያ "ሰውየው መታህ?" ተብሎ የማይጠየቀው። መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። እኛ "ከዚያስ?" ነው የምንለው። በቃ፣ "ከዚያስ?"። እናንተም ስትጽፉ ተራኪያችሁን እንዲያ ጠይቁት። "ተሰቃየህ አይደል? እናትህን ጠላሃት አይደል?" እያላችሁ የምትጠይቁት ከሆነ የፈለጋችሁትን ይመልስላችኋል። ገጹ ግን የእናንተ እንጂ የእሱ አይሆንም።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንግባ። ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ፦ "እናቴ በድህነት አረንቋ ተዘፍቃ፣ አረቄ እየሸጠች፣ ክብሯን እያጣች አሳደገችኝ።" ይህን የተናገረው የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ምናልባትም ስብሰባ ላይ። ልጁን እንፈልገው። ስምንት ዓመቱ ነው እንበል። ደብረ ኤልያስ አካባቢ አንዲት የአረቄ ቤት ውስጥ ይኖራል። እሱ ምን ይላል?

"እማየ አረቄ ስታወጣ እኔ ምድጃው አጠገብ እቀመጣለሁ። እሳቱ ሲደክም 'ቆስቁስ' ትለኛለች። መጀመሪያ የወጣውን እሳት ላይ ጠብ ታደርገዋለች። ቦግ ሲል 'ጎበዝ ነው' ትላለች። ማታ ሰዎች ይመጣሉ። ጫማቸውን አውቀዋለሁ። የጎማ ጫማ ያለው ሰውየ ሁለት መለኪያ ጠጥቶ ይሄዳል። ጥቁር የቆዳ ጫማ ያለው ሰውየ ሲመጣ እማየ 'እታለም ዘንድ ሂድና እደር' ትለኛለች። እታለም ቤት ድመት አለች። እግሬ ሥር ነው የምትተኛው። ጠዋት ስመጣ እማየ ቡና አላፈላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እኔ እሳቱን አነደድኩ። ጭሱ እንዳይገባባት በሩን ከፈትኩት።"

አያችሁ? "ክብር" የሚል ቃል የለም። "ድህነት" የለም። "ግፍ" የለም። ልጁ የሚያውቀው ጫማ፣ ድመትና ጭስ ነው። እናንተ ግን ሁሉንም አወቃችሁ። ከእሱ በላይ አወቃችሁ። ጨለማው ያለው እዚያ ላይ ነው፤ አንባቢው በሚያውቀውና ልጁ በማያውቀው መካከል። ልጁ ሁሉን አውቆ ከጨረሰ አንባቢ የሚሠራው ነገር አይኖርም፤ ተቀምጦ ማዘን ብቻ ነው። ደግሞ መጨረሻውን እዩት። በሩን የከፈተው ለምንድን ነው? ጭሱ እንዳይገባባት ነው። "እናቴን እወዳታለሁ" አላለም። ልጅ እንዲህ አይልም። በር ይከፍታል።

በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ውስጥ ይህን መንገድ እስከ ጫፍ የሄደበት አንድ ሥራ አውቃለሁ። ኤማ ዶናሂው የምትባል አየርላንድ የተወለደች ደራሲ በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው "ሩም" ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ፊልም ሆኖ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ተራኪው ጃክ አምስት ዓመቱ ነው። እናቱ በወጣትነቷ ተጠልፋ አንዲት ክፍል ውስጥ ተቆልፎባታል። እሱ የተወለደው እዚያው ነው። ለእሱ ያቺ ክፍል እስር ቤት አይደለችም፤ ዓለም ናት። አልጋውን፣ ምንጣፉን፣ ቁም ሳጥኑን እንደ ሰው በስማቸው ነው የሚጠራቸው። ጠላፊው ማታ ሲመጣ እናቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስተኛዋለች። ልጁ እዚያ ሆኖ አልጋው ሲንቋቋ ይቆጥራል። ቁጥር ብቻ። ደራሲዋ ሌላ ምንም አትጨምርም። እኔ እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ውጭ ወጥቼ ነበር የተመለስኩት።

ሌላም ቁም ነገር አለው። ታሪኩ ሲያመልጡ አያልቅም። የመጽሐፉ ግማሽ ያህል የሚሆነው ከወጡ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ልጁ ክፍሏ ትናፍቀዋለች። እናትየዋ ነጻ ወጥታ ነው ይበልጥ የምትታመመው። ይህን የምነግራችሁ ረቂቃችሁ ፖሊስ በሩን ሲሰብር ስለሚያልቅ ነው። እኔ ሥራዬን የምጀምረው ፖሊስ በሩን ከሰበረ በኋላ ነበር። ልጁ አክስቱ ቤት ሄዶ አልበላም ይላል። እንጀራው ነጭ ስለሆነ። እናቱ የዳጉሳ ነበር የምትጋግርለት። ያንን ጻፉልኝ።

ለጎጃም ልጅ ይህ አነጋገር እንግዳ መሆን የለበትም። አገራችሁ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ቤትነት ስማቸው የተጠራ ነው። ሰምና ወርቅ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ተራኪው ልጅ የሚናገረው ሰሙን ነው። ወርቁን የሚያወጣው አንባቢው ነው። ልጁ ወርቁን አውቆ ከተናገረው ቅኔው ፈረሰ። ግን ተጠንቀቁ፤ ጥሩ ቅኔ ሰሙም ራሱን ችሎ ይቆማል። ድመቷ የምር ድመት ትሁን። እግር ሥር የምትተኛ፣ የምታንኮራፋ፣ ቁንጫ ያለባት ድመት። አንዳንዶቻችሁ ድመቷን "የጠፋው ነጻነት" ታደርጓታላችሁ። ልጅ በነጻነት እግሩን አያሞቅም።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው የተወለዱት። በ1958 ያሳተሙትን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያላነበበ ቢኖር እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ያልሰማ ጥቂት ነው። ሁላችሁም የምታስታውሱት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን መጀመሪያው ነው፤ ማንኩሳ፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ። ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ያ ስእለት ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። አስቡት እስቲ። እናቱ ክፉ አይደለችም። ልጇ እንዳይሞትባት የፈራች እናት ናት። ጉዳቱ የመጣው ከፍቅሯ ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከዚህ የጠለቀ የእናትና የልጅ ጨለማ ለእኔ አልታየኝም።

ሐዲስ ይህን የተረኩት ከላይ ሆነው ነው። ሁሉን እንደሚያይ ተራኪ። የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ፦ ልጁ ከቤት የሚወጣበትን ማለዳ፣ በዛብህ ራሱ፣ በልጅ አፉ ቢተርከው እንዴት ይሆናል? አንድ ገጽ ብቻ ጻፉ። "ስእለት" የሚለውን ቃል ልትጽፉት ትችላላችሁ፤ ልጁ ግን ፍቺውን አያውቀውም። የሚያውቀው እናቱ ዛሬ በሶውን አብዝታ እንደቋጠረችለት ነው። ቋጥራ ፈትታ ደግማ እንደቋጠረችው ነው። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ አትፈልጉት። እናንተ የራሳችሁን አግኙ። ያንን ገጽ በደንብ የጻፈ ልጅ የራሱን መጽሐፍ መጻፍ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እናትየዋ። ስለ እሷ ብዙ የምለው አለኝ።

ረቂቆቻችሁ ውስጥ እናት ዕድሜ የላትም። ወይ መልአክ ናት ወይ ጭራቅ። በሁለቱም መንገድ ሰው አይደለችም። እስቲ እንቁጠር። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ በ13 ዓመቷ ተዳረች፤ በ15 ወለደችው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አካባቢ ሩቅ አይደለም፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ። እንግዲህ ዛሬ ስንት ዓመቷ ነው? 24። እናንተን ታክላለች። አንዳንዶቻችሁ ትበልጧታላችሁ። ይህችን ልጅ ነው "ጨካኝ እናት" እያላችሁ የምትጽፏት።

ሕጉ 18 ነው የሚለው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የክልላችን ደግሞ በ1995 ወጥቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ሆኖም ሕጉ ሳይወጣ የተዳሩት ዛሬ እናቶች ናቸው። ከወጣም በኋላ ድግሱን ሌላ ስም ሰጥቶ በድብቅ የዳረ ወላጅ አለ። ይህን መጽሐፋችሁ ውስጥ አስገቡ ማለቴ አይደለም። ልጁ የአዋጅ ቁጥር አያውቅም። እናንተ ግን ማወቅ አለባችሁ። ስታውቁ እናትየዋ በልጁ ዓይን ውስጥ ሌላ ሰው ሆና ትመጣለች። ልጁ "እማየ ከእኛ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትጫወት ነበር፤ አያቴ መጥታ ጮኸችባት" ይላችኋል። ይህን ስሰማ ምን እንደማስብ ታውቃላችሁ? ጨዋታዋን ሳትጨርስ የተወሰደች ልጅ እንደሆነች። ልጁ ግን ይህን አያስብም። እናቱ ጎበዝ ተጫዋች እንደሆነች ነው የሚነግራችሁ፤ ኮርቶ።

ስለዚህ ለእናትየዋ ከልጇ ጋር የማይገናኝ አንድ ፍላጎት ስጧት። ሹሩባ መሠራት ትፈልጋለች። ከተማ ሄዳ የማታ ትምህርት መማር ትፈልጋለች። እህቷን ማየት ትፈልጋለች። እንቅልፍ ትፈልጋለች፤ እንቅልፍ ብቻ። ልጁን የምትመታው ከሆነ ደግሞ ከመምታቷ ከአንድ ሰዓት በፊት ምን ትሠራ እንደነበር እወቁ። ውኃ ቀድታ ነው የመጣችው? ማን ደጅ ጠንታ ነው? ማን "ነገ ነይ" አላት? ለልጁ አትንገሩት። ቤት ስትገባ እንስራውን እንዴት እንዳስቀመጠችው ግን ያየዋል። ልጅ የእናቱን እጅ ያነባል። ጣሳ ስታስቀምጥ ባለው ድምፅ ዛሬ ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ የሚያውቁ ልጆች አሉ፤ በጣም ብዙ ናቸው።

እናቱ ዓረብ አገር ስለሄደችበት ልጅ የጻፋችሁም አላችሁ። እሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። እናትየዋ ገጹ ላይ የለችም፤ ድምፅ ብቻ ናት። ልጁ የአክስቱን ስልክ ተቀብሎ በኢሞ የተላከውን ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል። ከኋላ የማያውቀው ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማዋል። እናቱ "ቆይ መጣሁ" ብላ ትዘጋለች። በቃ፣ አንድ ምዕራፍ አገኛችሁ። ለነገሩ እሹሩሩ ስንል የኖርነው ምን ነበር? "የማሙሽ እናት ቶሎ ነይለት"። ሕፃኑን ያዘለችው ሌላ ሰው ናት ማለት ነው። እናትየዋ የለችም። ይህን እያዜምን ነው ልጅ የምናስተኛው።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ፤ ልጁ ይጫወት። ረቂቅ አንብቤ ስጨርስ ልጁ አንዴም ሳይስቅ ያለቀበት ጊዜ አለ። ያ ልጅ አይደለም። ከባድ ነገር የደረሰባቸው ልጆች ቃላቸውን ሊሰጡ መጥተው በወንበሩ መሽከርከር ሲገረሙ አይቻለሁ። ብስኩት ስሰጣቸው ግማሹን ለወንድማቸው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ኳስ ያወሩኛል። ቡሄ ሲደርስ ሆያ ሆዬ ይበል። ሙልሙል ይቀበል። ከባልደረቦቹ ጋር ይጣላ። የቤቱ ጨለማ የሚታየው ልጁ ከጨዋታ ሲመለስ ነው። ሮጦ መጥቶ በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ ሲዘገይ። ሁልጊዜ ጨለማ ከሆነ ግን አንባቢው ይለምደዋል፤ አይታየውም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ምክር ብቻ አይደለም፤ ልመናዬ ነው። የጎረቤታችሁን ገመና አትጻፉ። ከተማችን ትንሽ ነው። "ቀበሌውን ቀይሬዋለሁ" ብትሉም ሰው ያውቀዋል። ልጆች ቃላቸውን የሚሰጡት ችሎቱ ዝግ ሆኖ፣ ከተከሳሹ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ እንዲሆን የሚደከመው እንዳይታወቁ ነው። ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሥራ ይይዛል፣ ያገባል። መጽሐፋችሁ ቀድሞት መድረስ የለበትም። ቅድም ያነሳኋት ዶናሂው መነሻዋ በ2008 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ የተሰማ እውነተኛ ጉዳይ ነበር። እዚያ ወንጀሉን የፈጸመው የገዛ አባት ነው። እሷ ግን የዚያን ቤተሰብ ታሪክ አልጻፈችም። አገሩን አሜሪካ አደረገችው፤ አጥፊውን ባዕድ ሰው አደረገችው። የወሰደችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያደገ ልጅ ዓለም ምን ትመስለዋለች? እናንተም ጥያቄውን ውሰዱ። ሰዎቹን ተዉአቸው።

መጨረሻ ምዕራፍ ላይ "ከሃያ ዓመት በኋላ" ብላችሁ የምትጽፉትን ሰርዙልኝ። ልጁ አድጎ፣ ዲግሪ ይዞ፣ እናቱን ይቅር ሲል። ለምን እንደምትጽፉት ይገባኛል። አንባቢውን እንደዚያ ትታችሁት መሄድ ያሳሳችኋል። ነገር ግን ያደገው ሰውየ መጥቶ የልጁን ቃል ሲያስተካክል፣ እስካሁን የሰማነውን ልጅ ዋሾ ያደርገዋል። "ያኔ አልገባኝም ነበር" ይላል። ገብቶታል። በልጅ መንገድ ገብቶታል። እዚያው ላይ ይቁም፤ ዘጠኝ ዓመቱ እንደሆነ።

የራሳችሁን ታሪክ የምትጽፉ ደግሞ አላችሁ። ሳትነግሩኝ አውቃችኋለሁ፤ ዶሮዋ ትክክል ስለሆነች። ለእናንተ ቀስ በሉ ነው የምለው። ሌሊት ብቻችሁን አትጻፉት። ቀን ጻፉት፤ ስትጨርሱ ሰው ጋ ሂዱ፤ ብሉ። እየጻፋችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ሰውነታችሁ ያኔ የነበረውን ፍርሃት መልሶ ካመጣው፣ ረቂቁን አስቀምጡና ባለሙያ አነጋግሩ። መጽሐፉ ይቆያል፤ የትም አይሄድም። ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ነውር አይደለም። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ ከሐኪም ጋር አይጣላም።

ከእናንተ ውስጥ አንዷ "እትየ፣ ሳላሳትመው ለእናቴ ላሳያት ወይ?" ብላ ጽፋልኛለች። እናትሽ በሕይወት ካለች አዎ፣ አሳያት። ማንበብ ካልቻለች አንብቢላት። እንግዳ በሌለበት ቀን፣ በእሷ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ። ከመሃል አትጀምሪ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢላት። ልታለቅስ ትችላለች። ልትቆጣም ትችላለች። ምናልባት ደግሞ "ኧረ እንዲህ አልነበረም፤ ያን ለት እኮ አንቺ አሞሽ ነበር" ትልሻለች። ያኔ እርሳስሽን አንሺና የምትልሽን ጻፊው። ከልጅቷ ቃል ጋር ባይገጥምም ጻፊው። የልጅቷን ቃል ግን አታርሚው።